ሽማግሌ የላክንበት በር

ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ አንድ ነጭ፣ ባዶ እጁን የነበረ ጥቁር ወጣት ገድሎ «ፈርቼው ነው» አለና በነፃ ተለቀቀ። ዜናውን እዚህ ስዊድን፣ ወደ ሃግሴትራ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አልገረመኝም። የማን ፍርሃት እንደሚታመን በሃያ ዓመቴ አይቻለሁ።

ኅዳር ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጨልምበት፣ በረዶው ጭቃ የሚሆንበት ጊዜ። ሮግስቬድ ባቡር ጣቢያ፣ ደረጃው ላይ፣ አንድ የሰከረ ሰውዬ እየተሳደበ አንገቴን አነቀኝ። ገፋሁት። ተንከባሎ ክንዱ ተሰበረ። ፖሊሶች ደርሰው እሱን ብርድ ልብስ አለበሱት፣ እኔን በካቴና አሰሩኝ። አንገቴ ላይ የቀሩትን የጣቶቹን ምልክቶች ፎቶ ያነሳ አልነበረም።

ክሱ የመጣው የዜግነት ማመልከቻዬ መልስ ሊያገኝ በተቃረበበት ሰሞን ነው። ከተፈረደብኝ ያ ሁሉ ዓመት መጠበቅ ከንቱ ሊቀር። ጠበቃዬ ግን አልሰጋችም። «ራስህን ነው የተከላከልከው፣ ሕጉ ይፈቅድልሃል። ብቻ ሰውየው ዘንድ እንዳትደርሱ» አለችኝ።

አባቴ ይህን አልሰሙም፤ ቢሰሙም አይገባቸውም ነበር።

«አባባ፣ እኔ እኮ አልበደልኩም!»

«በደልክ አልበደልክ ማን ጠየቀህ? የሰው አጥንት ተሰብሯል። ይቅርታ ብንል ምን ይጎድልብናል?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰውየውን አድራሻ ከኢንተርኔት አስፈልገው፣ ጓደኞቻቸውን ጋሽ ታደሰንና ጋሽ መኮንንን ለሽምግልና አስከትለው ሄዱ። ትኩስ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ነበር። በሩ ሲከፈት ሦስቱም ጎንበስ ብለው፣ በተሰባበረ ስዊድንኛ፣ «ልጃችን አጥፍቷል፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉን» አሉ። ሰውየው በሩን ዘግቶ ፖሊስ ጠራ።

ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ «ሦስት ወንዶች ቤቱ ድረስ ሄደው አስፈራርተውታል» አለ። ቀጠለና፣ «ደግሞስ ልጁ ካላጠፋ፣ አባቱ ይቅርታ የጠየቁት ስለምን ነው?» አባቴ ሊያስረዱ ብድግ አሉ። ዳኛዋ «ይቀመጡ» አለቻቸው። ስለ ዳቦው የጠየቀ የለም።

ፍርዱ በገደብ ነበር፤ ዜግነቱን ግን ተከለከልኩ። ሰውየው ሲወጣ አባቴን ቁልቁል አይቶ ሳቀ። ውጭ፣ ቅዝቃዜው ውስጥ፣ አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉኝ። ጥያቸው ሄድኩ።

ፓስፖርቱን ከዓመታት በኋላ አገኘሁት። አባቴ ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል፤ በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀብላቸዋለሁ፣ ያን ቀን ግን አናነሳም። ሰውየውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ዳኛዋም እጄ የማይደርስባቸው ናቸው። እጄ የሚደርሰው አባቴ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ይኸው እሳቸውን እየቀጣሁ አለሁ።