ለወንድሜ ገዳይ የቀዳሁት ኮክቴል

ኮክቴል የሚለውን ቃል ወደ ቆቦ ያመጡት ከአሥመራ ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ እኔ መንገድ ዳር ባለች ቡና ቤት አሳላፊ ነበርሁ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ጠርሙሱን የምለየው በቀለሙና በጠረኑ ነበር። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ ሾፌር የአውራ ዶሮ ጭራ ነው አለኝ፤ ቀለሙ ስለሚበዛ። ሌላው የለም፣ ፈረንጆች ዘሩ የተደባለቀውን ፈረስ ጭራውን ቆርጠው እንዲያ ይጠሩት ነበር አለ። የቤቱ ባለቤት፣ ጣሊያን ቤት ስታገለግል ያደገች ሴት፣ ሁለቱም ቀጣፊዎች ናቸው፣ በየጠርሙሱ ቂጥ የቀረው ተጠራቅሞ በርካሽ ሲሸጥ ነው ስሙ አለችኝ። እሷም የምታደርገው ይህንኑ ስለነበር አመንኋት። ካረጀሁ ወዲህ ፊደል ቆጥሬ መጽሐፍ ስገልጥ ሦስቱንም ተጽፈው አገኘኋቸው። ከሥራቸው «በርግጥ አይታወቅም» ይላል። ዓይኔን በኩራዝ ያጠፋሁት እንግዲህ ለዚህ ነው።

እኛ አገር መጠጥ መደባለቅ አይወደድም። ጠላው ጠላ ነው፣ ጠጁ ጠጅ ነው። በድብልቅ ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? ቂመኛ መርዝ የሚያጠጣው በእንዲህ ያለው ነው ይባላል። ስለዚህ አሳላፊ ሲቀዳ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ይሰጣል። ውሎዬ ይኸው ነበር። ሲመሽ መዳፌ ይጣበቃል።

ታላቅ ወንድሜን የገደለው ሰው ዋጃ በኩል ይኖር ነበር። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠልፉ ተጣሉና በዱላ መታው፤ ወንድሜ ከጭቃው አልተነሣም። ሽማግሌ ገባ፣ ካሣ ተቆረጠ፣ ተማማልን። «ከእንግዲህ በሟቹ ፋንታ ወንድማችሁ ይህ ነው» አሉን። እሺ አልሁ። አልተቆጣሁም፣ አላለቀስሁም። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ብዙ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን የማለው ጥርሱን ነክሶ ነው። ያ ሰው ከእጃችን እህል ውሃ እምቢ ካለ ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው፤ ታናሼ ምንሽር ጠመንጃውን እየወለወለ የሚጠብቀው ያችን ቀን ነበር። እናታችን ሌላ ልጅ የምትቀብርበት አቅም አልነበራትም።

አንድ የገበያ ቀን ሰውየው ወደ ቡና ቤቱ ገባ። እዚያ መሥራቴን የሚያውቅ አይመስለኝም። ሲያየኝ ሊመለስ አለ፤ ሰው ሁሉ ቢያየው ጊዜ አፍሮ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቢራ ቢሆን ፊቱ ከፍቼለት ነገሩ ባለቀ። የዚያን ዕለት ግን አንድ ሾፌር ሚስቱ ወንድ ወልዳለት ቤቱን ሁሉ ጋብዟል፤ ኮክቴል ይሁን ብሎ። እኔም ኮኛኩን፣ ቬርሙቱን፣ አኒሱን በጆግ ደባልቄ፣ ሎሚ ጨምቄበት አዞራለሁ። አንድ እህል ነጋዴ ቀመሰና ይኼ ነገር እንደ ፈረስ ይራገጣል እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሾፌሩ፣ ስትነሣ እናያለን፣ ለጊዜው ተቀምጠህ ጠጣ አለው። ተሳቀ።

ሰውየው ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ። ቀዳሁ። በመዳፌ ቀመስሁ። እሱ እጁን ከጉልበቱ አላነሣም።

«ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «የቀመስኸው ከጆጉ ነው። ከብርጭቆው ቅመስልኝ።»

ባለቤቲቱ ከባንኮኒው ኋላ፣ ይህ ስድብ ነው ብላ አጉረመረመች። ስድብ ነው። ብርጭቆውን አንሥቼ እስከ ግማሽ ጠጣሁት። ያኔ ያሰብሁት ሎሚው መብዛቱን ብቻ ነው። መልሼ ፊቱ አኖርሁለት። ሰውም ነገሩ አለፈ ብሎ ወደ ወሬው ተመለሰ።

ሰውየው ፊቴን ሲመለከት ቆየ። መውደቄን ይጠብቅ ነበር። አልወደቅሁም። ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ፣ መልሶም አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ሾፌሩን ልጅህን ያሳድግልህ አለውና ወጣ።

ግማሹ እንዳለ ነው። ያየሁት እኔና ባለቤቲቱ ነን። ብርጭቆውን አንሥቼ ወደ ባንኮኒው ዞርሁና የሱን ድርሻ ጠጣሁት። እሷ ሌላ ብርጭቆ ማድረቅ ጀመረች።

ወዲያው ታናሽ ወንድሜ ምንሽሩን አንግቦ ገባ። ገበያ ውስጥ ሰው ነግሮታል።

«ጠጣ ወይ?»

ባዶውን ብርጭቆ አሳየሁት።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ተቀብሎ አሸተተው። ምን ዓይነት መጠጥ ነው ቢለኝ ኮክቴል አልሁት። ምን ማለት ነው አለ። አይታወቅም አልሁት። ብርጭቆውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ፤ ደስ ያለው አይመስልም። በኋላ ግን ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ያ ሰው በተነሣበት ወንበር ተቀመጠ።

«በል ለኔም ቅዳ» አለኝ።

በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስሁና ሰጠሁት።