በበርሜል የታጠረው የብስክሌት መንገድ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባሕር ማዶ ለኮርስ ተልኮ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ የቆዳ ካፖርትና የብስክሌት መንገድ። «እዚያ ወዛደሩ ሥራ የሚገባው በብስክሌት ነው፣ መኪና አይደርስበትም» አለን በስብሰባ። እሱ ራሱ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቢሰጡት በየት በኩል እንደሚወጣ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

የሆነው ሆኖ ከሰባተኛ ወደ አንዋር መስጊድ በሚወስደው ጎዳና ዳር ነጭ መስመር ተቀባ፤ በመስመሩም ላይ አሮጌ የናፍጣ በርሜሎች ድንጋይ ተሞልተው ተደረደሩ። መርካቶ ውስጥ በርሜል ደጅ አያድርም፤ ሲነጋ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይሸጣል። ሊቀመንበሩ ይህን ስለሚያውቅ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ አቆመ። ለብስክሌተኛው አይደለም፣ ለበርሜሉ። ሰው ሲገጭ ዞር ብሎ የማያይ ቀበሌ ለቆርቆሮ ዘበኛ መደበ።

ቢሆንም መንገዱ ሠራ። መካድ አልችልም፤ ብክድ ደስ ባለኝ። አባቴ አንድ እግሩ ከልጅነቱ የሰለለ ነው፤ ሲራመድ ያነክሳል፣ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ግን ከማንም አያንስም። ቤት የምንሰፋውን ጀለቢያ አንዋር ላሉት ባለሱቆች የሚያደርሰው በዚያች ብስክሌት ነበር። ከወሎ ከመጣን ጀምሮ የበላነው በእሷ ነው። ድሮ አንዱ መኪና ይገፋዋል፣ አንዱ ኩሊ ይሰድበዋል፤ እናቴ እስኪመለስ ድረስ ዱዓ ታደርጋለች። በርሜሎቹ ከቆሙ በኋላ ግን እያፏጨ መመለስ ጀመረ። እናቴ ሊቀመንበሩንም በዱዓዋ ጨመረችው። እኔ አልጨመርኩትም።

ከዚያ የአብዮት በዓል መጣ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና መድረክ የሚቆምበት ነገር ጠፋ። ሊቀመንበራችን አሰበ፤ እሱ ባሰበ ቁጥር ዕዳው የሌላ ሰው ነው። በርሜሎቹ በጠዋት ተነሥተው መድረኩ ሥር ገቡ። ጠባቂውም አብሯቸው ሊሄድ ተነሣ። አባቴ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ አገኘውና፣ «ልጄ፣ እኛንስ ማን ይጠብቀን?» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩት በርሜል እንድጠብቅ ነው» አለ ጠባቂው።

አባቴ ሳቀ። ቀለሙ እንኳ አለልኝ ብሎ በመስመሩ ውስጥ ነዳ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ወደ አትክልት ተራ የሚከንፍ የጭነት መኪና መስመሩን ጥሶ ገባና ደኅናውን እግሩን ሰበረው። ሾፌሩን አልረግምም፤ ቀለም ማንን አስቁሞ ያውቃል?

በዓሉም አለፈ፣ በርሜሎቹም አልተመለሱም። ይልቅስ አባቴ ስብሰባ ተጠራ። መንገድ ላይ ሲወድቅ ሰው ተሰብስቦበት የበዓሉን ሰልፍ አስተጓጉሏልና ግለ ሂስ ያድርግ ተባለ። የዘመኑ ወግ ነበር፤ ያጠፋም ያላጠፋም ሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን ይከሳል፣ ሲጨርስ ይጨበጨብለታል። ያንን ወግ ያኔም ንቄዋለሁ፣ ዛሬም እንቀዋለሁ። አባቴ እግሩ በጀሶ እንደተጠቀለለ፣ «ተቀምጬ ልናገር» ብሎ ለመነ።

«ግለ ሂስ በቁም ነው፣ ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ።

በብብቱ ገብቼ አቆምኩት። ላብ አጥምቆት ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቴን አምናለሁ» አለ አባቴ። «መንገዱን የሠራችሁት ለእኛ መስሎኝ ነበር።»

አጠገባችን የነበሩት ሴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሊቀመንበሩ ግን በጣም ደስ አለው፤ «ጥሩ ግለ ሂስ ነው!» ብሎ ጭብጨባውን ራሱ ጀመረው። ሁሉም ተከተለው። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ብለቀው አባቴ ይወድቅ ነበር።