የዘይነባ ሦስተኛ እትም

ባለፈው ቅዳሜ ጊንጪ ውስጥ ከቢሮ ስመለስ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ አልኩና ባለሱቁ አዲስ የመጣ የልብስ ሳሙና ካርቶን በቢላ ሲከፍት ደረስኩ። ያ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ ፊቴን ሲመታኝ የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። «ምን ልስጥሽ፣ እህቴ?» ሲለኝ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ሽታውን ሳብኩ፤ ለእኔ ሳሙና የልብስ ማጠቢያ ከመሆኑ በፊት የዕድል ነገር ነበርና።

ባደግኩባት አምቦ ከቤታችን ፊት ለፊት የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነበር። ልጃቸው ዘይነባ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እሷ የፈጠረችውን ጨዋታ «መንገድ» እንለው ነበር። በካርቶን ጀርባ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ወንጪ ያለው መንገድ በከሰል ተስሏል፤ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንይዝና ያ ሰው የሚለውንና የሚያደርገውን እንናገራለን፤ ይሳካለት እንደሆነ የሚለየው ዘይነባ ከሳሙና ቀርፃ በስድስቱም ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደረገችበት፣ የምንወረውረው ዕጣ ነው። ዳኛዋም እሷ ናት፤ ዝናቡንም ሽፍታውንም ኬላ ጠባቂውንም ሆና የምትናገረው እሷ ናት። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝበት ዘመን ስለነበር ጋሽ ሸምሱ ጥጉ የጎደለ ሳሙና ባገኙ ቁጥር አንድ የአይጥ ወጥመድ ይጨምሩ ነበር።

የባለጋሪው የኦቦ ደበላ ልጅ ገመቹ እህል ነጋዴ ነበር፤ በየጨዋታውም ይሞታል። ዘይነባ «ሞተሃል» ስትለው «ለኪ» ይላል፣ በኦሮምኛ እምቢ ማለቱ ነው፤ «መጀመሪያ ጤፌን ልሽጥ፣ ከዚያ እሞታለሁ።»

«ሬሳ ጤፍ አይሸጥም። ዝም ብለህ ተኛ።»

ታናሽ እህቱ ጫልቱ ገና ሕፃን ስለነበረች ሁልጊዜ በቅሎ ናት፤ ሥራዋ መጫንና አንዳንዴ መራገጥ ነበር። እኔ ደግሞ ወንጪን በዓይኔ አይቼው ሳላውቅ የሐይቁ ጀልባ ቀዛፊ ነበርኩ። ቀዛፊዋ ሽፍታ የማትፈራ፣ አንደበተ ርቱዕ ሴት ናት። እኔ ግን በሰው ፊት ስናገር ጉሮሮዬ ስለሚዘጋ፣ የምትለውን በዘይነባ ጆሮ ሹክ እላለሁ፤ ዘይነባም በራሷ ድምፅ ታወጣልኛለች።

ዘይነባ በትምህርት መጻሕፍት ላይ «ሁለተኛ እትም» የሚል አይታ ነው መሰለኝ፣ ጨዋታውን በየዓመቱ እንደ አዲስ ታወጣ ነበር። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም ከደብተሮቻችን ያልተጻፈባቸውን ገጾች ቀደን እናስረክባታለን፤ ክረምቱን ሙሉ ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ሕጉን ትጽፍና በጆንያ መስፊያ ጠርዛ ለመስከረም ታደርሰዋለች። በመጀመሪያው እትም፣ ከአምቦ በፊት የምትገኘው ጊንጪ ከአምቦ ወዲያ ነበረች፤ ዘይነባ ያን መንገድ ያለፈችው እንቅልፍ ወስዷት ነበርና። ኦቦ ደበላ አይተው እስኪስቁብን ድረስ ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውቶቡሳችን ዓመት ሙሉ አምቦን አልፎ ጊንጪ ሲገባ ማናችንም አልገረመንም።

ሦስተኛውን እትም የጠበቅኩትን ያህል የጠበቅኩት ነገር የለም። የፈራሁትም የለም። ያን ሰኔ ገጾቻችንን ስትቀበል «በአዲሱ ሹክሹክታ የለም፤ ሁሉም በገዛ አፉ» ብላ እኔን አየችኝ። ክረምቱን ሙሉ ሁሉቃ ወንዝ ዳር እየወረድኩ፣ ጎርፉ ከሚያጓራበት ቦታ ቆሜ፣ የቀዛፊዋን አንድ ዓረፍተ ነገር ተለማመድኩ፤ «አሻግራችኋለሁ፤ መሀል ላይ የሚፈራ ካለ ግን አሁኑኑ ይውረድ።» ወንዙ ድምፄን ስለሚውጠው ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ ጭጋጉ ወንዙ ላይ ሲተኛ እውነትም ጀልባ ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

ጳጉሜ ላይ ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ዘግተው ቤተሰቡን ወደ ወልቂጤ ወሰዱ። የጭነት መኪናው ሲነሳ ዘይነባ በስኳር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀምጣ «ትምህርት ሲከፈት ጥሪያቸው» አለችኝ። ጥቅሉ ውስጥ ሦስተኛው እትምና ጥጉ ያልተነካ አዲስ ዕጣ ነበሩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የእሷ ስም ይሰፍርበት በነበረው ቦታ፣ «ዳኛ፤ ጽጌ» የሚል የእኔ ስም ተጽፏል። ከሥሩ «የዳኛዋ ድምፅ ሳይሰማ ጨዋታው አይጀመርም» ይላል። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ስዘጋጅ ለከረምኩት ልጅ ዝናቡን፣ ሽፍታውን፣ ዓለሙን በሙሉ ሰጥታኝ ሄደች።

መስከረም ላይ ገመቹ አጥራችንን ተደግፎ «አዲሱ ወጣ እንዴ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አልወጣም። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ጫልቱም «ዘንድሮም በቅሎ ነኝ?» እያለች ተከትላው ነበር። እንደገና ራሴን ነቀነቅኩ። መጽሐፉ ትራሴ ሥር ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ ገመቹ ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ። መኪናው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ሳቀ፤ «ጽጌ፣ ያቺ ልጅ አዲሱን እትም አሁንም አላከችም?» ራሴን ነቀነቅኩ። ጦርነቱ አልቆ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ አልመጣም፤ ቁርጥ ያለ ወሬም የለም። ኦቦ ደበላ ዛሬም አውቶቡስ በገባ ቁጥር ጋሪያቸውን መናኸሪያው በር ላይ ያቆማሉ።

ያን ቅዳሜ ሳሙናዬን ገዝቼ ቤቴ ገባሁና መጽሐፉን ከሻንጣ ሥር አወጣሁት። ዕጣው ደርቆ ተሰንጥቋል። በሩን ዘጋሁ፤ ሰሚ ባይኖርም ቆምኩ፤ ተጫዋቾች የሚለውን ገጽ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

«ጫልቱ፤ ከበቅሎነት ያደገች፤ የበቅሎ ባለቤት። ገመቹ፤ እህል ነጋዴ፤ እስካሁን አልሞተም።»