የሰርግ ሜዳው ሣርና ሦስቱ ጠርሙሶች

ሱቄ ውስጥ መድኃኒት በስሙ የሚጠራ ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም። «ቀዩን ስጠኝ» ይላሉ፤ «ያቺን አውራ ዶሮ ያለባትን»፣ «ጎረቤቴ የወሰደውን፣ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነውን»። ከቡሬ በርበሬ የሚያመርተውም፣ ከገበዝ ማርያም ድንች የሚያወርደውም በቀለምና በሥዕል ነው የሚገዛው። እኔም በቀለምና በሥዕል ነው የምሸጠው። ፍኖተ ሰላም ላይ የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሳሙና ነበር የምነግደው፤ ሳሙና ላይ የሠራው ዘዴ እዚህም ሠራልኝ። ደንበኛው በሳሙናው ተማረረ? ሌላ ልጣፍ ያለው ትሰጠዋለህ፤ መርቆህ ይሄዳል። ውስጡ ያው ይሁን ሌላ፣ ማን ቀምሶ ይመረምራል?

ይህን ጠባዬን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ «ምስኪን፣ ሳያውቅ ነው» ብሎ የሚከራከርልኝ ሰው እንዳይኖር ነው።

ከከተማችን ወደ ቡሬ ሲወጡ፣ መንገዱ ዳር፣ አንድ ባለሀብት የሰርግ ሜዳ ከፈተ። ሰውዬው አዲስ አበባ ሄዶ የጎልፍ ሜዳ አይቷል። ጨዋታው አልገባውም፤ ሽማግሌዎች በትር ይዘው ትንሽ ኳስ ሲፈልጉ ይውላሉ ብሎ ነው የነገረን። ሣሩ ግን ከልቡ አልወጣ አለ። «እንደተላጨ ራስ እኩል ነው!» እያለ ስንት ቀን አሰለቸን። በመጨረሻ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ሣር በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ። ሥራ ፈትተን ልናይ ከወጣነው መካከል አንድ ቄስ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ከብት ወደ ሣር ሲሄድ ነበር የማውቀው፤ ሣር በመኪና ተሳፍሮ ሲመጣ ገና ማየቴ ነው» አሉ።

ሣሩን እንዲጠብቁ የተቀጠሩት ሰው ከመሬቱ ጋር የተገኙ ናቸው ማለት ይቻላል። ያ ሜዳ የእሳቸው የጤፍና የበርበሬ ማሳ ነበር። ከተማው ሰፋ፣ ካሳ ተከፈላቸው፣ ካሳው ለባለቤታቸው ሕክምና አለቀ። የቀረቻቸው በአጥሩ ጥግ ያለች አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ናት። ባለሀብቱ ቤቷን አላፈረሳትም፤ «ሣሩን ጠብቅ፣ ከነሚስትህ እዚያው ኑር» አላቸው። በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል፤ «አንተ» ነበር የሚላቸው። እኔ እንኳ፣ ሳሙና ነጋዴው፣ «አያ» ነው የምላቸው።

ውሉ ግልጽ ነበር፤ በሰው ፊት ነው የተነገራቸው። «በጥር የልጄ ሰርግ ነው። ያን ቀን ሣሩ አረንጓዴ ካልሆነልኝ የላስቲኩን ሣር አነጥፋለሁ። ላስቲክ ደግሞ ጠባቂ አይፈልግም።»

መስከረም ውስጥ አንድ ጠዋት አያ ፌስታል አንጠልጥለው ሱቄ ገቡ።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና? ከብቱ… ምን ከብት አለህና፤ ንግዱ ደኅና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አያ፤ እርስዎስ? ባለቤትዎስ ተሻላቸው?»

«እሷ ደኅና ናት። የታመመው ይህ ነው» ብለው ፌስታሉን ባንኮኒዬ ላይ ፈቱት።

ከነሥሩ የተነሣ ቁራጭ ሣር ነው። መካከሉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል፣ ገለባ የመሰለ ክብ ወጥቶበታል። ሜዳው ላይ እንዲህ ያለ ክብ መቁጠር እስኪያቅታቸው በዝቷል። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ያዩበታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል።

«ፈንገስ ነው» አልኳቸው። የማላውቀውን በሽታ ሁሉ ፈንገስ ማለት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን እንዳጋጣሚ እውነት ሆነ። ቀዩን ጠርሙስ ሰጠኋቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክቦቹ ጠፉ፤ አያም አንድ ቁና የበርበሬ ዛላ ይዘው ሊያመሰግኑኝ መጡ። ያን በርበሬ ዓመቱን ሙሉ በላሁት። እንዴት እንዳላነቀኝ እንጃ።

«እንዳይመለስ በየሳምንቱ ይርጩት» አልኳቸው። በየሳምንቱ ማለት በየሳምንቱ ይገዙኛል ማለት ነው፤ ገንዘቡ የባለሀብቱ ነው፣ ምን ቸገራቸው? ጠርሙሱ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚረጭ ተጽፏል። አላነበብኩትም። እሳቸውም በክዳን እየለኩ፣ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው፣ ሳምንት ሳያስታጉሉ ረጩ። እንዲያ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም። ከረጩ በኋላ ሣሩን እንዳይጎዱት ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ በአጥሩ ጥግ ጥግ ነበር የሚሄዱት።

ኅዳር ላይ በሽታው ተመለሰ። ቀዩ መድኃኒት ውኃ ሆነ። አንድ ክዳን የነበረውን ሁለት አደረጉት፤ ክቦቹ እየተያያዙ እንደ ሰሃን ሰፉ። አያ ሱቄ መጥተው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ።

«በአጥሩ ሥር ያለው የእኔ ሰርዶ ምን ሆነ መሰለህ?»

«ምን ሆነ አያ?»

«ምንም። አንድ ቀን መድኃኒት ቀምሶ አያውቅ፤ አንድ ቀን ታሞ አያውቅ። ይህ በመኪና የመጣው ግን የከተማ ልጅ ነው መሰል፣ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ሐኪም ጥሩልኝ ይላል።»

ሳቃቸው ግን አልዘለቀም። «ጥር ደረሰ» አሉ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ለበርበሬ ጉዳይ ወደ እኛ መጥታ ነበር። ለምኛት ሜዳውን አየችው። ተንበርክካ ሣሩን በጣቷ ስትፈለቅቅ አያ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ልክ ባለቤታቸውን ሐኪም ሲያይላቸው እንደቆሙት።

«ምንድን ነው የረጩት?»

«ቀዩን።»

«በስንት ጊዜው?»

«በየሳምንቱ። አንድም ሳምንት አልዘለልኩም» አሉ፤ የሚመሰገኑ መስሏቸው።

ልጅቷ ወደ እኔ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ፈንገሱ መድኃኒቱን ተላምዶታል። ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ሲረጩ ደካማው ይሞታል፤ የማይሞተው ይቀራል፤ የሚራባው ደግሞ ያ የቀረው ነው። የጎልፍ ሜዳ የሚጠብቁ ሰዎችም የሚቸገሩት በዚሁ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀየረው ስሙ ብቻ እንዳይሆን፤ በውስጡ ያለው፣ አገዳደሉም የተለየ መሆን አለበት። አባባ፣ ውኃስ መቼ ነው የሚያጠጡት?»

«አመሻሽ ላይ ነው ልጄ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ያኔ ነው።»

«ሣሩ ርጥብ ሆኖ እንዳያድር። በበርሜል ያጠራቅሙና ጠዋት ያጠጡ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ አያና ያቺ ታማሚ ባለቤታቸው በየጠዋቱ ከበርሜል እየቀዱ ያን ሁሉ ሜዳ በእጃቸው አጠጡት። የእሳቸው ድርሻ ይህ ነበር፤ ሳያጓድሉ ተወጡት። የእኔ ድርሻ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተለየ መድኃኒት መስጠት።

አውራ ዶሮ ያለበትን አረንጓዴ ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረድኩ። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ ፊደሉን የለቀምኩት ከጎማና ከባትሪ ላይ ነው። ለማንበብ ግን ይበቃል። ከትልቁ ስም ሥር የተጻፈችው፣ ውስጡ ያለውን የምትናገረው ደቃቅ ቃል ቀዩ ላይ ካለችው ጋር አንድ ነበረች። አየኋት። አይቻትም እጄ አልተመለሰም። ሱቄ ውስጥ በእርግጥ የተለየ የለኝም፤ ከባሕር ዳር እስከማስመጣ ባለሀብቱ ራሱ ሄዶ ይገዛል፤ አውራ ዶሮውም አቧራ ለብሶ ከቆመ ቆይቷል። «ይህ ሌላ ነው፣ ይጥለዋል» አልኳቸው። እሱም አልሠራ ሲል ሰማያዊ ክዳን ያለውን ሰጠሁ። ያቺ ቃል እዚያም ነበረች።

ታኅሣሥ ላይ ባለሀብቱ ራሱ መጣ። ከሽንዲ የመጡ ሁለት በርበሬ አምራቾች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ነበር።

«ንገረኝ እስቲ፤ ሣሬን የገደለው ማን ነው? መድኃኒትህ ነው ወይስ የሰውዬው እጅ?»

ሁለቱ አምራቾች ወሬያቸውን አቋርጠው አዩኝ። በእጃቸው የያዙት ቀዩን ነው።

«መድኃኒቱማ መድኃኒት ነው» አልኩ። «የአረጫጨት ጉዳይ ይሆናል።»

«እኔም ብዬ ነበር!» አለና ወጣ። አምራቾቹም ቀዩን ገዝተው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን አያ መጡ። ሦስቱን ባዶ ጠርሙሶች አጣጥበው፣ በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። እንደ ወትሮው ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፤ አንዱንም ሰው አልዘለሉም። ከዚያ ጠርሙሶቹን ባንኮኒዬ ላይ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ደረደሯቸው።

«እኔ የፈረንጁን ፊደል አላውቅም። ልጅ ሆኜ የደገምኩት ዳዊት ነው» አሉ። «መልክ መለየት ግን አያቅተኝም። ይህ እንደ ቀለበት የከበበው፣ ይህ እንደ ባላ የተሰነጠቀው፣ ይህ እንደ ምሰሶ የቆመው፤ ሦስቱም ጠርሙስ ላይ በዚሁ ተራ ነው የተሰለፉት። ሁለት ቀን ሙሉ ሳያቸው ነው የዋልኩ። ያው ነው?»

 

«ያው ነው አያ።»

ሰደቡኝ ብዬ መጻፍ ብችል ደስ ባለኝ። ጣታቸውን በቀዩ ጠርሙስ ክዳን ላይ አድርገው፣ «ሣሩን አድንልኝ አልልህም፤ አልቆለታል» አሉ። «የአረጫጨት ጉዳይ ነው ብለሃል አሉኝ። አይደለም ብለህ ንገርልኝ። ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ካወቀ ሌላ ሥራ አያጣልኝም፤ ቤቷንም አያፈርስብኝ ይሆናል። አሮጊቷን ይዤ የት እገባለሁ?»

«ሰኞ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሜዳው ከሱቄ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ያን ዕለት ዕቃ ይገባልኝ ነበር፤ በማግሥቱ ከሽንዲ በርበሬ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ቀጠሮ ነበረኝ፤ እሑድ ደግሞ እሑድ ነው። እንዲያ እያልኩ ሰኞ አደረግኩት። ሰኞ ማለዳ ስደርስ ከአይሱዙ ላይ አረንጓዴ የላስቲክ ጥቅል እየወረደ ነበር። በአጥሩ ጥግ የቤቷ ቆርቆሮ ተነቅሎ ተደርድሯል፤ የፈረሰው ግድግዳ ገና አቧራ ያነሣል።

«ትናንት ወጡ» አለኝ ባለሀብቱ። «ለእንግዳ መኪና ማቆሚያ ቦታ ጠበበኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊ ክዳኑን። ሰምቶኝ ሲጨርስ የሚደነፋ መስሎኝ ነበር፤ በሳቅ ፈረሰ።

«ሦስቱም አንድ? አንተ ሰይጣን ነጋዴ!» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «በል ሰርጉ ላይ እንዳትቀር።»

አልቀረሁም። ላስቲኩ ላይ ተቀምጬ በላሁ፣ ጠጣሁ። ፀሐይ ሲመታው እንደ አዲስ ጫማ ይሸት ነበር። አረንጓዴነቱ ግን እንከን አልነበረውም፤ ከሠርገኞቹ ግማሹ «እንዴት ያለ ጠባቂ ቢኖረው ነው!» ሲል ሰማሁ። ባለሀብቱም አልተቀየመኝም፤ እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ነው። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ከቦታዬ ያልተነቃነቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በተከታዩ ክረምት ዕቃ ይዤ ሽንዲ ገበያ ወርጄ ነበር። አያ ከልጃቸው ባል ጋር ወደ ድንኳኔ መጡ። የሚኖሩት ልጃቸው ጋ ነው፤ ባለቤታቸው አሁንም አሉ። ሰላምታቸው እንደ ጥንቱ ረጅም ነው፤ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ሱቄን፣ የሱቄን ጎረቤት ሳይቀር ጠየቁ። ስለ ሣሩ አንድ ቃል አላነሡም።

የልጃቸው ባል በርበሬው ታሞበት መድኃኒት ፈልጎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ዓይነት አስመጥቻለሁ፤ በውስጣቸውም የተለያዩ ናቸው። «ቀዩን ስትረጭ ከነበር ይህን ውሰድ፤ ይህ በእርግጥ ሌላ ነው» ብዬ አንድ ነጭ ጠርሙስ አቀበልኩት።

አያ ጠርሙሱን ከእጁ ወሰዱት። ከደረት ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ከቀዩ ጠርሙስ ላይ የተላጠች ልጣፍ ናት፤ ጠርዟ ተበልቷል። ወደ ብርሃኑ ዞሩና ልጣፏን ከነጩ ጠርሙስ አጠገብ ይዘው፣ ጣታቸውን በደቃቋ ቃል ላይ እያስኬዱ፣ አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመሩ። ከኋላቸው ገዢ ተሰልፏል። ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም፤ እኔም ጠበቅኩ።

ሲጨርሱ ልጣፏን መልሰው ጠቀለሏት።

«ይሄኛው ይለያል» አሉ። የተናገሩት ለልጃቸው ባል ነው።