ጨው የበላው ብሎን

ጀልባ ወደ ባሕር በሚወርድበት ቁልቁለት አጠገብ ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ፣ አንዲት ሴት የማታውቀውን ሰው ጎማ ስታጥብ አየሁ። ሰውዬው ጀልባውን አውርዶ፣ ልጆቹን ጭኖ ወደ ውሃው ገብቷል፤ ጀልባውን ያመጣው ባዶ ተጎታች ዳር ላይ ቆሟል። እሷ ተንበርክካ፣ ከቤቷ በጄሪካን ባመጣችው የቧንቧ ውሃ የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ ታለቀልቃለች። በጨርቅ አድርቃ ተነሣች። ዘመድሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። መልኩንም እንደማታውቀው ነገረችኝ።

“ጨው ካደረበት ብረቱን ይበላዋል። ሰውዬው ደግሞ ልጆች አሉት” አለች።

ትውውቃችን ከዚህ ይጀምራል። የጀልባ ተጎታች ጎማ ከዝገት መጠበቅ እንጀራዋ ነው፤ ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ነው። ብሎኑን የሚያስረውን ዳዶ ትፈታለች፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ትፍቃለች፣ የብሎኑን ጥርስ ግራሶ በስሱ ትቀባለች። ዳዶው የሚያርፍበትን ቦታ ግን ቅባት እንዳይነካው ጥርግ ታደርገዋለች። አጥብቃ ትሸኛለች፤ ጥቂት ነድተው ሲመለሱ ደግማ ታጠብቃለች። ከመንገድ እንደመጣ፣ ጎማው ሳይበርድ ባሕር የሚነክር ደንበኛ ካየች አትምረውም። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እንደጋለ ጨዋማውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል።

ወንድሟ የአንድ ባለጀልባ ነጋዴ መካኒክ ነበር። ጎማዎቹ ከባሕር በወጡ ቁጥር ይታጠቡ፣ ያረጁት ብሎኖች ይቀየሩ እያለ ቢወተውት ሰሚ አላገኘም። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ወልቆ ተጎታቹ ተገለበጠ፤ ጀልባው ለሁለት ተሰነጠቀ። ባለጀልባው እዚያው በሰው ሁሉ ፊት፣ ይህ ሰነፍ ዳዶ አላጠበቀም ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ የወንድሟ ስም “ላላው” ሆኖ ቀረ። ሲያልፍ “ጋሽ ላላው፣ ሱሪዎን ያዝ ያዝ ያድርጉ!” ይሉታል። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። አሁን እሷ ቤት ጓዳ ገብቶ ተቀምጧል፤ መፍቻ እንኳ በእጁ አይነካም።

እሷ የዚያን ዕለት የተሰበሩትን ብሎኖች ከአስፋልቱ ላይ ለቅማ ነበር። በግራሶ ነክራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣቸዋለች። አንዱን አሳየችኝ። ስብራቱ ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል በዝገት ጠቁሯል፤ አንድ ጫፉ ብቻ ያበራል። የጠቆረው አስቀድሞ የተሰነጠቀው ነው፣ የሚያበራው ያን ቀን የተበጠሰው። ዳዶ ላልቶ የወለቀ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር። ያ ብሩህ ጫፍ ከዛገ ግን የወንድሟ ምስክር አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ግራሶውን ዘወትር ታድሳለች።

ብሎኑን ለባለጀልባው ወስዳ ብታሳየው ሳቀባት። በቀደም ግን ተጎታቹን ሊያሠራ ራሱ በሯ ድረስ መጣ፤ ሌላ ባለሙያ በአካባቢው የለም። ወንድሟን ባዋረደበት ቦታ ቆሞ፣ በሰው ፊት ቃሉን ካልመለሰ ብሩሽ እንደማታነሣ ነገረችው። የላላውን እህት አልለምንም ብሎ ነድቶ ሄደ። አሁን ተጎታቹ በደጇ ባለፈ ቁጥር ወጥታ ዝገቱን ታያለች።

“ቀላ ባለ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል” አለችኝ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው አልኳት።

“እኔ መች ጸለይኩ ጋሼ? ብረቱን ነው የምጠብቀው።”

የወንድሜ ስም እንዲህ ተነጥቆ አያውቅም፤ በልቤ ተመስገን አልኩ። ለእሷም አንድ ቀን ሸክሟን እንዲያቀልላት ለመንኩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጣች። የባለጀልባው ተጎታች ሲያልፍ አይታዋለች፤ የግራው ጎማ ይወላገዳል፣ ከብሎኖቹም የጎደሉ አሉ። ነገ ትልቁን ጀልባ ሊያወርዱበት ነው። ጎማው አጠገብ እየሄደ ወደ ውሃው የሚመራው ሠራተኛ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር ጎረቤቴ ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ወንበር ብስብላትም አልተቀመጠችም።

“ጋሼ፣ ጎረቤትዎን ነገ አሞኛል ብሎ እንዲቀር ይንገሩልኝ። እሱ ምንም አላደረገኝም። ለባለጀልባው ግን አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ፤ መሪ ሲያጣ ከጎማው ጎን ራሱ ይቆማል።”