የጓደኛዬን ጫማ ተጫምቼ ያየኋቸው ፊልሞች

ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነበር። በእኔ ልጅነት ነገሌ ቦረና የነበረው ቪዲዮ ቤት አዳራሽ አልነበረም፤ የአንድ ሰውዬ ሳሎን ነው። ሚስቱ «ሰሌኔን በጫማ የሚረግጥ ካለ ቴሌቪዥኑን አውጥቼ ጓሮ ነው የምጥለው» ብላ ምላለች ይባላል። ስለዚህ ፊልም ሊያይ የመጣ ሁሉ ጫማውን በረንዳው ላይ ደርድሮ ይገባል። መንገዱ ደግሞ በዚያው በረንዳ ሥር ነው የሚያልፈው። ወደ ገበያ፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሰው ማን የት እንደዋለ ለማወቅ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ ጫማውን አየት አድርጎ ማለፍ ነው።

የእኔ አባት ደግሞ ጫማ ሻጭ ነበር።

ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። እኔን ግን ያኔ አላሳቀኝም። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነገሌ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ፊቱን የሚያይ ሰው ነበር። መንገድ ላይ «አካም፣ ናጋ?» እያለ ሰላምታ ሲለዋወጥ እንኳ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ትሁት ነው» ይለዋል። እኔ ግን ምን እያየ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁጥሩን፣ በየትኛው ጎን እንዳለቀ፣ ለየትኛው ኢድ ወይም ለየትኛው ገና እንደተገዛ ሳይቀር ያስታውሳል።

ፍርሃቴ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ከአንድ የሞያሌ ሾፌር ጋር ቆማ ስታወራ ታየች ተባለ። አባቴ አልጮኸም፣ አልመታትምም። በሳምንቱ አገር ቤት አያቶቻችን ጋ ላካት፤ ዓመት ሳይሞላት ተዳረች። ደብተሮቿ እኛ ጋ ቀሩ፤ ባዶ ገጾቻቸው ላይ ሂሳብ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ቪዲዮ ቤት የሥራ ፈትና የጫት ቃሚ መዋያ ነው በሚባልበት ከተማ፣ እዚያ ገብቼ ብያዝ መጨረሻዬ ያው እንደሆነ ማንም ቁጭ አድርጎ ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር።

ታዲያ ለምን ሄድሽ የሚለኝ አይጠፋም። ስለምወድ ነዋ!

መጀመሪያ የገባሁት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አስተማሪዎች ስብሰባ አላቸው ተብለን በተለቀቅንበት ቀን ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ጓሮ ያለው ጀነሬተር ሲያጓራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ አራት አምስት ሴቶች ከኋላ ጥጋችንን ይዘናል። ሙቀቱና የእግር ሽታው አይነሳ። ከዚያ ምስሉ መጣ፤ አንዲት ልጅ አረንጓዴ ተራራ ላይ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ትዘፍናለች። እኛ ዝናብ ሰማይ ሰማይ እያየን የምንጠብቅ የቆላ ሰዎች ነን። ያ ሁሉ ውሃ ማንም ባልዲ ሳይደቅንለት ዝም ብሎ ሲፈስ ሳይ እንባዬ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜን መጠበቅ ሆነ ሥራዬ።

ፊልሞቹ የህንድ ናቸው፤ ካሴቶቹ በሞያሌ በኩል ነው የሚመጡት። ከቴሌቪዥኑ ጎን ተርጓሚው በርጩማ ላይ ይቀመጥና በአማርኛ የጀመረውን በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። ሰውዬው ሂንዲ ይቻል አይቻል ያጣራ የለም። አንድ ቀን ጀግናው ለእናቱ እያለቀሰ ብዙ ተናገረ። ተርጓሚው ጆሮውን አከክ አከክ አደረገና «ከብቶቹን ሽጠሽ አሳክሚኝ እያላት ነው» አለን። ፊልሙ ውስጥ ባቡር እንጂ የከብት ዘር የለም። እኛ ግን ለከብቶቹም ጭምር አለቀስን። መሳሳም ሊመጣ ሲል ባለቤቱ ቀድሞ ያውቃልና ፎጣ ስክሪኑ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ወንዶቹ ያፏጫሉ። እኔ ደግሞ በዚያች በፎጣው ሰዓት ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከፊልሙ እኩል ያየሁት በሩን ነው። ከውጭ ሰው ባሳለ ቁጥር የአባቴ ሳል ይመስለኝና ልቤ ትቆም ነበር።

በዚህ ጭንቀት መቀጠል ስላልቻልኩ ዘዴ ፈጠርኩ። የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላላክክም።

የልብ ጓደኛዬ ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ነበር የምትኖረው። አባቷ የከብት ነጋዴ ነው፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያደገችው በእንጀራ እናት ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አይኖርም። የሚኒስትሪ ፈተና እየደረሰብን ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ቤት አብረን እናጠናለን ብዬ አባቴን አስፈቀድኩ። እሷ እውነትም ታጠና ነበር። ከክፍላችን በሂሳብ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ነርስ ነው የምሆነው ትላለች። ቪዲዮ ቤት ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም፤ ስጠራትም «በሌላ ሰው ለቅሶ የምታለቅሺው ምን ጎድሎብሽ ነው?» ትለኛለች።

ዘዴው ይህ ነው፤ የእኔን ጫማ እነሱ በር ላይ እተወዋለሁ፣ የእሷን ተጫምቼ እሄዳለሁ። አባቴ በእነሱ በር ካለፈ የልጁን ጫማ ያያል፣ ልቡ ያርፋል። በቪዲዮ ቤቱ ካለፈም የእኔን ጫማ አያይም።

«ቢነቃብንስ?» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን።

«ያንቺን ጫማ ማን ለይቶ ያውቀዋል?» አልኳት።

ሳቀችና ቀዩን የላስቲክ ሰንደሏን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። እኔ በብልጠቴ ኮርቼ መሬት አልነካ ብዬ ነበር።

አምስት ቅዳሜ በሰላም አለፈ። በስድስተኛው፣ የግራው ሰንደል ማሰሪያ ተበጥሶ በሰማያዊ ላስቲክ ተለጥፎ አገኘሁት። ሊስትሮ የሠራው መስሎኝ ምንም ሳልጠይቅ አጠለቅኩት። የዚያን ቀን ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ በሩን እንኳ ብዙ አላየሁም። ስጨርስ እነሱ ቤት ተመልሼ ጫማችንን ተለዋወጥን፤ ያልገባኝን አንድ የሂሳብ ጥያቄ አስረዳችኝና፣ ሱቅ በመዝጋት ላግዝ ወደ አባቴ ሄድኩ።

አባቴ ሳጥን እየደረደረ ነበር። ወደ እግሬ አየና «ስታጠኚ ዋልሽ?» አለኝ።

«አዎ አባባ።»

«ከአስር ሶላት ስመለስ በእነሱ በር አልፌ ነበር። ጫማሽን አየሁት።» ደስ ብሎታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺስ? አብራሽ ነበረች?»

ምን አውቆ ነው የሚጠይቀኝ? እሱ ቀጠለ።

«ጫማዋ ቪዲዮ ቤቱ በረንዳ ላይ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ተበጥሶባት እዚህ አምጥታው በጋለ ቢላዋ የለጠፍኩላት እኔ ነኝ። ቀይ ላስቲክ አጥቼ በሰማያዊ። የገዛ እጄን ሥራ መቼም አላጣውም።»

አብራኝ ነበረች ብል፣ ጫማው ታዲያ በማን እግር ሄደ ሊለኝ ነው። መልሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አባቴ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። እህቴ ትዝ አለችኝ።

«ትንሽ ወጣ ብላ ነበር» አልኩ።

«ትንሽ?»

«ቆይታ ነው የተመለሰችው።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ማጥናትሽ ግን ደግ አድርገሻል» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈበት ቦታ ሲቃጠል አመሸ።

በማግስቱ እሁድ አባቴ ወደ ጓደኛዬ አባት ሄዶ ያየውን ነገረው። በክፋት አልነበረም። በአባቶቻችን ደንብ የጎረቤት ልጅ ስትበላሽ አይቶ ዝም ያለ ሰው ነው ነውረኛ የሚባለው። ሰኞ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከሰዓት ቤታቸው ስሄድ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ስታጥፍ አገኘኋት።

«አባትሽን ምን አልሽው?» አልኳት።

«ሄጃለሁ አልኩት።»

«ለምን? አልሄድሽም እኮ!»

«ጫማው የኔ ነው። ሌላ ምን ልበል?» የያዘችውን ቀሚስ አስቀመጠችው። «ያንቺ አባት እህትሽን ምን እንዳደረጋት አውቃለሁ። የኔ ይጮሃል፣ ከዚያ ይረሳል ብዬ ነው። ግን ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ ሲነግረው አፈረ። ራሱ ቢያየኝ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ዶሎ ኦዶ አክስቴ ጋ ልትሄጂ ነው ተብያለሁ፣ ሐሙስ።»

«ፈተናውስ?»

ቀሚሱን መልሳ አነሳችው። እኔ ማልቀስ ስጀምር እሷ ናት እጄን የያዘችው። «ሂንሶዳቲን» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። ፈሪዋ እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እነግረዋለሁ፣ ለአባቴ ሁሉንም እነግረዋለሁ አልኳት። እሷ ንገሪውም አትንገሪውም አላለችኝም። ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።

ሰኞ ማታ አባቴ ደክሞት ስለነበር ነገ ይሻላል አልኩ። ማክሰኞ ከሞያሌ ዕቃ ገብቶለት ስለነበር ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግኩም። ረቡዕ ሱቁ ድረስ ሄጄ «አባባ» ብዬ ጀመርኩ። ያን ጊዜ አንዲት ሴትዮ ለሕፃን ጫማ ልትገዛ ገባች። ሴትዮዋ ቁጥር እያስቀየረች፣ ቀለም እያስቀየረች ብዙ ቆየች፤ እኔ በልቤ አትሂጂ፣ አትሂጂ እላት ነበር። ስትወጣ «ምን ልትዪኝ ነበር?» አለኝ። «እርሳስ አልቆብኛል» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳልበላ፣ ደብተሬን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። የዶሎው የጭነት መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ከነዳጅ ማደያው ጎን ይነሳል። ከሱቃችን እዚያ ለመድረስ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። አባቴ ብቻውን ነበር፤ አዳዲስ ጫማዎች ውስጥ ወረቀት ይጠቀጥቃል። ቆሜ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ቪዲዮ ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ጫማ የተለዋወጥነው በእኔ ሐሳብ ነው፤ እሷ ቤቷ ስታጠና ነበር፤ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም አልኩት።

ወረቀቱን የያዘው እጁ ጫማው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ዱላ ጠበቅኩ። ከዱላው በኋላ ደግሞ ተነስቶ ወደ መኪናው ሲሮጥ ታየኝ። እንደሚሮጥ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አባቴ ሚዛን የማያጓድል፣ ሰው በሐሰት ሲከሰስ ዝም የማይል ሰው ነበር።

«ይህን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እሷና እኔ።»

«ለአባቷ አልነገረችውም?»

«አልነገረችውም አባባ። እርስዎ ቶሎ ከሄዱ ግን መኪናው ሳይነሳ ይደርሱባቸዋል።»

የሱቁን በር አየ፤ ውጭውን አየ። ሄዶ ምን እንደሚል እያሰበ ይመስለኛል። «ተሳስቼ ነው፣ ባለጌዋ የኔ ልጅ ናት» ማለት ነበረበት። ለዚያ ሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ፣ ሾፌሩና ተሸካሚው እየሰሙ። ከዚያ በኋላ እኔን የት ሊያደርገኝ ነው? ፊቱ ላይ ይህ ሁሉ ሲያልፍ አየሁት። ሲጨንቀው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን መጠቅጠቁን ቀጠለ።

«ሂጂ» አለኝ ቀና ሳይል። «ትምህርት ቤት ይረፍድብሻል።»

ብቻዬን ሮጬ መኪናው ጋ መድረስ እችል ነበር። ለአባቷ እኔው ራሴ መናገር እችል ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በነዳጅ ማደያው በኩል ነው። እኔ በሌላኛው ሄድኩ። ክፍል ገብቼ ስቀመጥ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ሐዘኑ ቆይቶ ነው የመጣው። ያን ጠዋት የተሰማኝ እፎይታ ነው። ተናግሬያለሁ፣ አልተላክሁም፣ አልቋል ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ፈተናውን አለፍኩ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እስኪሞት ድረስ የት ዋልሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ተምሬ፣ በእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ ለስደተኞች ሥራ ዶሎ ኦዶ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት። ከነገሌ በልጅነቷ የመጣች፣ አክስቷ ጋ ያደገች ሴት ብዬ ብጠይቅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሯ ላይ የሚያደርሰኝ አላጣም። ግን ጠይቄ አላውቅም። የምትለኝ ያስፈራኛል፤ ይቅር ብትለኝም ያስፈራኛል። ስለዚህ ገበያ መሄድ ሲያስፈልገኝ ሰው እልካለሁ፤ ሥራዬን ስጨርስ በመጀመሪያው መኪና እመለሳለሁ።