አለቃችንን ያዋስን ጊዜ

ድሮ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ እሱ እለዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቢሮ የሬዲዮ መገናኛ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ እሱ የክፍላችን ኃላፊ ነበር። ገጠር ኬላ ላይ ላሉ ጠባቂዎች የሚገዛ መገናኛም ሆነ ጥይት መከላከያ ሰደርያ በእሱ እጅ ሳያልፍ አይገዛም። አንድ ቀን ሰበሰበንና ለአንድ የግል ድርጅት በትውስት መሰጠቱን ነገረን። ድርጅቱ ምን የሚሸጥ ይመስላችኋል? የመገናኛ ሬዲዮና ጥይት መከላከያ ሰደርያ!

"የግሉን ዘርፍ ልምድ ቀስሜ እመለሳለሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ድስት ይዋሳል፣ መሰላል ይዋሳል፤ ገዢን ለሻጭ ማዋስ ግን የት አገር ነው የሚታወቀው? ይህንኑ ብጠይቅ "አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ" ተባልኩ።

ደሞዙ ከእኛው ዘንድ አልተቋረጠም። ቢሮውን የነካበት የለም፤ ስሙ በሩ ላይ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ተረት ለራሱ የተተረተ ሳይመስለው አልቀረም።

ወራት አልፈው ድርጅቱ ጨረታ አሸነፈና ሬዲዮዎቹ መጡ። የርክክብ ኮሚቴው ውስጥ እኔም፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ነበርን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የአገሩ ልጅ፣ ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ ሶማሌ ነው። ታናሽ ወንድሙ ከጅግጅጋ ርቆ፣ ከደምበል ወዲያ ባለ ኬላ ጠባቂ ስለሆነ ሬዲዮዎቹ እስኪመጡ ከሁላችን በላይ የቸኮለው እሱ ነበር።

በርክክቡ ዕለት በሩ ተከፈተና የድርጅቱ ተወካይ ገባ። የእኛው አለቃ! ሁሉም ግር ብሎ ተነሳ። "ኖር!" ተባለ። "በአላህ፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" እያለ አልፎ ሄደ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወንበሩን ለቀቀለት፣ እሱም የለመደው ቦታ ነውና ተቀመጠበት። ዕቃ ሊያስረክብ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን የሚመረምረውን ኮሚቴ በሊቀመንበር ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመራል። ነውር ሆኖ የታየው ግን ለእኔ ብቻ ነበር።

ሬዲዮዎቹን ግቢው ውስጥ ሞከርናቸው። ከበሩ እስከ ጋራዡ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ለዚህማ መጣራትም ይበቃል! "መኪና ይሰጠንና ከደምበል ወዲያ ካለው ኬላ እንሞክራቸው፤ መሀሉ ኮረብታ ነው" አልኩ።

አለቃችን ፈገግ አለ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ የራሴ ቢሮ ነው። ለራሴ ቤት የማይሠራ ዕቃ አመጣለሁ?"

ሳቁለት። እኔ አልፈርምም አልኩ። የእኔ አለመፈረም ያጎደለው ነገር አልነበረም፤ ሌሎቹ ፈረሙ። ስንወጣ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትነዋል፤ የግምጃ ቤቱን ኃላፊ እጁን ይዤ አቆምኩት።

"ወንድምህ እኮ ነው በዚህ ሬዲዮ የሚጣራው!"

"አቦ፣ ሰውየው የኛ ሰው ነው" አለኝ። "እንግዳ ቢሆን ወላሂ አስፈትሸው ነበር። የራስን ሰው ዕቃህ ይፈተሽ ማለት ግን ሌባ ነህ ማለት ነው። እንዴት እለዋለሁ?"

እውነቱን ነው የነገረኝ፣ ያናደደኝም ይኸው ነው። እሱንም ይሉኝታ ያዘው፣ ሌሎቹንም ይሉኝታ ያዛቸው፤ ድርጅቱ የተዋሰው የሰውየውን እውቀት መስሎን ነበር እንጂ የተዋሰውስ የእኛን ይሉኝታ ነው።

ትውስቱ ሲያልቅ ልምዱን ቀስሞ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከደምበል ወዲያ ያ ወንድምየው ያለበት ኬላ በጠራራ ፀሐይ የኮንትሮባንድ መኪና ለማስቆም ሲሞክር ተኩስ ተከፈተበት። ልጁ ጭኑን ተመታ። ጓደኞቹ ሬዲዮውን ደጋግመው ቢጣሩበት ከመንሿሿት በቀር መልስ የለም። ስልክ እዚያ አይይዝም። ደሙ እየፈሰሰ ቆይቶ ፍየል የጫነ አይሱዙ በዚያ ሲያልፍ ከፍየሎቹ መሀል አስተኝተው ጅግጅጋ አደረሱት። ልጁ ቶሎ ቢመጣ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር አለ ሐኪሙ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ሄድኩ። ወንድሙ ራስጌው ተቀምጧል፤ ያ ሳቂታ ሰው ቀና ብሎም አላየኝ። ዘመድ ጎረቤቱ አልጋውን ከቧል። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና አለቃችን ማንጎና ጭማቂ አስይዞ ገባ።

ሁሉም ተነሳ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጭምር። "ኖር! ኖር!" እኔ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም፤ አንዲት አሮጊት በዓይናቸው ገረመሙኝ። "በአላህ፣ ተቀመጡ" አለ እሱ እንደልማዱ።

ልጁ በክርኑ ሊነሳ ሞከረ። አልሆነለትም። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው።

"ይቅርታ አለቃ" አለው፣ "መነሳት አቅቶኝ ነው።"

አለቃችንም ትከሻውን መታ መታ አደረገና "ግድ የለም" አለው። ይቅር አለው።